ጄል ውስጥ የገባ ውሃ

ዛሬ ከደብረ ኤልያስ ሱቅ የተገዛ የሕፃን ዳይፐር ሲቀደድ የፈሰሰው ነጭ ዱቄት ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ይባላል። ከክብደቱ በመቶዎች እጥፍ ንጹህ ውሃ ይጠጣል፤ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ስለተያያዙ ግን አይሟሟም፣ ያብጣል እንጂ።

ውስጡ የገባው ውሃ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰንሰለቶቹ ጋር የተጣበቀው ጥቂቱ ከ0 ዲግሪ በታች እንኳ በረዶ አይሆንም። ከቀረው አብዛኛው እንደማንኛውም ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ይተናል።

ጨው ቢነሰነስበትስ?

ይሟሽሻል! በጄሉና በውጪው መካከል ያለው የሶዲየም መጠን ልዩነት ስለሚጠብ ውሃው ተመልሶ ይወጣል።

ጄሉን አፈር ውስጥ ለመጠቀም ለሚያስብ ገበሬ ዋናው ነገር ይኸው የጨው ጉዳይ ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ጄሉ በችግኝ ሥር እርጥበት ሊያቆይ ይችላል፤ በአፈር ያለው ካልሲየም ግን ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚያያይዝ ብርጭቆ ውስጥ የጠጣውን ያህል አይጠጣም።

በችግኝ ላይ የሞከረው አለ?