ከፈረስ የወረደው ወታደር

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ዛሬ ስለ ምርጫም ሆነ ስለ ድርድር አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ፈረስ ነው። «ይህን ሰው የኦሃዮ ብርድ ናላውን አዙሮታል» የምትሉ አትጠፉም፤ ግድ የለም፣ ጥቂት ታገሱኝ።

የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን በመኪና በማመላለስ ነው። ብዕሩን አንግቦ ከአገሩ የወጣ ጋዜጠኛ እዚህ ሲደርስ የሚጨብጠው የመኪና መሪ መሆኑ ለማናችሁም አዲስ ወሬ አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ በየማክሰኞው አንድ የቀድሞ የማሪን ወታደር ከቤቱ አንሥቼ፣ ኢስት ብሮድ የሚባለውን ረጅም ጎዳና ይዤ፣ ሬይኖልድስበርግን አልፌ ወደ ፓታስካላ አቅጣጫ እወስደዋለሁ። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ኢራቅ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ አድራሻ የሐኪም ቤት መስሎኝ ነበር። የደረስነው ግን በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መካከል ካለ የፈረስ በረት ነው።

ከበረቱ አጠገብ ከእንጨት የተሠራ ተዳፋት መወጣጫ አለ። ሰውየው በተሽከርካሪ ወንበሩ እስከ ላይ ይገፋል፤ ፈረሱ መወጣጫውን ተጠግቶ ይቆማል፤ ሁለት ሰዎች ደግፈው ከወንበሩ ወደ ኮርቻው ያሻግሩታል። ከዚያ አንዷ ልጓሙን ይዛ ትመራለች፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ጭኑን ደገፍ አድርገው አብረውት ይራመዳሉ። ፈረሱ ያረጀ፣ የማይቸኩል፣ ዝንብ እንኳ የማያስደነግጠው ነው። መኪናዬ ውስጥ በር በኃይል ሲዘጋ የሚበረግገው፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑ ሳይከደን የሚያድረው ሰው፣ ሦስተኛውን ዙር ሲጨርስ ትከሻው ረግቦ፣ የፈረሱን ጋማ በጣቶቹ ሲያበጥር አየሁት።

የጋዜጠኛ አመል አይለቅምና አሠልጣኟን ጠየቅኋት። ፈረስ በእርምጃ ሲሄድ የተቀማጩን ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንና ወደ ጎን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሰዋል፤ ይህም ሰው በሁለት እግሩ ሲራመድ ዳሌው ከሚያደርገው ጋር እጅግ ይቀራረባል። እግሩን ያጣ ሰው ወገቡና የሆዱ ጡንቻ የእርምጃን ሚዛን እንደገና ይማራሉ። ሌላው የአእምሮው ነገር ነው። ፈረስ በተፈጥሮው አራዊት የሚያድኑት እንስሳ በመሆኑ የሰውን ትንፋሽና የጡንቻ ውጥረት ፈጥኖ ያነብባል። ተቀማጩ ሲርበተበት እሱም ይርበተበታል፤ ፈረሱን ለማረጋጋት የሚሻ አስቀድሞ ራሱን ማረጋጋት ይኖርበታል።

ነገሩ የሀብታም አገር ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ሊዝ ሃርተል የምትባል ዴንማርካዊት በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ከሆነች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ግልቢያ የብር ሜዳልያ አግኝታለች። ኮርቻው ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር፤ ከወጣች በኋላ ግን ማንም አልደረሰባትም ማለት ይቻላል። በዚህ አገር የሙያው ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዋሽንግተን አጠገብ በፎርት ማየር የጦር ሰፈር፣ የወታደሮችን አስከሬን በሰረገላ ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር የሚጎትቱት ፈረሶች፣ ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቆስለው የተመለሱትን ማሳፈር ጀመሩ። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ63 የቀድሞ ወታደሮች ላይ ለስምንት ሳምንታት ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያሳትሙ ግማሽ ያህሉ ከጦርነት ሰቀቀን ጉልህ መሻሻል ማሳየታቸውን ጽፈዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም፤ ተስፋ ግን ነው።

ሃርተል ሜዳልያዋን ባገኘችበት ዓመት የእኛ ቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በኮሪያ ተራሮች ላይ ይዋጉ ነበር። «ቃኘው» ደግሞ ከፈረስ ስም የተወሰደ ነው፤ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበርና። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። ንጉሡንና የጦር አበጋዙን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ነን። ታዲያ የቆሰለውን ወታደር ፈረስ ላይ ማውጣትን ከፓታስካላ ገበሬ መማሬ አልከነከነኝም ብል እዋሻለሁ።

ከዚህም የባሰ የሚከነክነኝ አለ። እስከ ዛሬ አልጻፍሁትም።

የተወለድሁት በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው። በእኛ አገር ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ለአድዋ ዘማቾችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ያደርጋል። ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጉግሱ ሲደራ፣ ምድሪቱ ትንቀጠቀጣለች። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ እያልሁ የምጠራው፣ ጢም ሳያበቅል ነበር እዚያ ሜዳ ላይ ስሙ የተጠራው። ኋላ ለውትድርና ሄደ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው ዕዝ አፋቤት ላይ ሲፈርስ የቀኝ እግሩን አጣ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በክራንች ተደግፎ ቤት ገባ።

በጥር 1984 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ሄጄ አገኘሁት። የጊዮርጊስ ዋዜማ ማታ «ነገ ፈረሱን ጫኑልኝና አውጡኝ» አለ። አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ «ልጄ፣ ትወድቃለህ» አለች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረ፤ የተማርሁት እኔ ነኝና።

«ጋሼ፣ በአንድ እግር እንዴት ይሆናል? ሰው ፊት ትዋረዳለህ» አልሁት።

«ያጣሁት እግሬን እንጂ መቀመጫዬን አይደለም» ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። ከዚያች ማታ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለ ፈረስ ሲያነሣ አልሰማሁትም። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ደጃፍ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ፣ ከሜዳው የሚመጣውን የኮቴ ድምፅ ያዳምጥ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ የፈራሁት መውደቁን አልነበረም። ያን ጊዜ ራዲዮኑ «የደርግ ሠራዊት» ሲል ይውል ነበር፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት የሚል ስም ጠፍቶ ነበር። የደርግ ወታደር ወንድም መባልን ፈራሁ። ጋዜጠኛም ሆኜ ስለ እስረኛው፣ ስለ ተፈናቃዩ፣ ስለ ተባረረው መምህር ስጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በክራንች ስለሚቆሙት የቀድሞ ወታደሮች አንድ ዓምድ አልጻፍሁም። «የደርግ ርዝራዥ» የሚለውን ታፔላ የሚለጥፉብኝ መሰለኝ። በምርጫ 97 ማግሥት አገር ጥዬ ስወጣ ደፋር ጋዜጠኛ ተብዬ ነው የወጣሁት።

ወታደር የሚዘምትበትን ጦርነት አይመርጥም። ደርግ ለራሱ የጦር ጉዳተኞች ደብረ ዘይት ላይ ጀግኖች አምባን አቋቁሞ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ሲበተን፣ የማቋቋሚያ ኮሚሽን መሠየሙ አይካድም፤ ክብሩን ግን የመለሰለት አልነበረም። በ1990 ዓ.ም. የባድመ ጦርነት ሲፈነዳ ግን የተበተነው አብራሪና መድፈኛ «ና» ተባለ፤ ያን ጊዜ የማን ሠራዊት እንደነበር የጠየቀው አልነበረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነት ሲያበቃ ደግሞ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ 371,971 የቀድሞ ታጣቂዎችን አቋቁማለሁ አለ። ቁጥሩ እስከ አሃዱ ድረስ ተለቅሟል፤ ቆጠራ መቼም አንታማም። ከእነዚህ ስንቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የኮቴ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይገኝም። የፌዴራሉ ወታደር፣ የትግራዩ ተዋጊ፣ የአማራው ሚሊሻ፣ ሁሉም የቆሰለው በዚያችው አገር አፈር ላይ ነው።

አሜሪካ ገነት ናት አላልሁም። ከቬትናም የተመለሱት ለዓመታት ዓይንህን አልይ ተብለዋል። በመንግሥታቸው ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በየቀኑ ከ17 በላይ የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ሆኖም እዚህ ኮሎምበስ፣ በሳዮቶ ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው ብሔራዊ የቀድሞ ወታደሮች መታሰቢያና ሙዚየም በየትኛውም ፕሬዚዳንት ዘመን የዘመተውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስታውሳል። የእኔ ማሪን ራሱ የኢራቅን ጦርነት «ውሸት ነበር» ይለዋል። ያን ሲል የሰማችው አሠልጣኝ ልጓሙን አልለቀቀችም።

ባለፈው ማክሰኞ በግራ በኩል ከሚራመዱት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ቀረ። አሠልጣኟ ዙሪያዋን ቃኝታ እኔ ላይ ዓይኗን ጣለች። «ፈረስ ትፈራለህ?» አለችኝ። ያደግሁት በፈረሰኛ አገር መሆኑን ነገርኋት። መወጣጫው ሥር ቆሜ ከወንበሩ ወደ ኮርቻው ሲሻገር ተቀበልሁት። ክንዴን ከተቆረጠው ጭኑ ላይ አሳርፌ መራመድ ጀመርን። በሁለተኛው ዙር ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ብዙ አትጫነኝ፣ አልወድቅም» አለኝ።