ሩቅ ተኳሹ ሽማግሌና የምድር እሪያ

በሰሜን አሜሪካ ግራውንድሆግ የሚባል እንስሳ አለ። ትርጓሜው የምድር እሪያ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከአይጥና ከጃርት ወገን ነው እንጂ እሪያ አይደለም። ክብደቱ ከ2 እስከ 6 ኪሎ ይደርሳል፤ ጠጕሩ ቡናማ፥ ጅራቱና እግሮቹ አጫጭር ናቸው። በአገራችን በዓለት መካከል የሚኖረውን ሽኮኮ የሚያውቅ ሰው ይህን እንስሳ ከሩቅ ቢያየው ሽኮኮ ነው ይላል። ዳሩ ግን በዘር አይገናኙም። ሽኮኮ ቤቱን በዓለት ውስጥ ሲያደርግ ይህኛው እንደ ፍልፈል አፈር እየማሰ ይኖራል።

ልጆች ሆይ፥ የምጽፍላችሁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን እንስሳ ሲያድኑ ስለ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ነገር ግን ታዳኙን ሳያውቁ አዳኙን ማወቅ አይቻልምና ስለ እንስሳው ጥቂት እጨምራለሁ።

ጕድጓዱ ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ በሮቹም ከአንድ ይበዛሉ። በዋናው በር ፊት የተማሰው አፈር ተቈልሎ ይታያል፤ እንስሳውም በዚያ ቍልል ላይ በኋላ እግሮቹ ቆሞ መስኩን ይቃኛል። ሌላው በር ግን አፈር የሌለበት፥ በሣር የተሸሸገ ነው፤ ጠላት ሲመጣበት በዚያ ይሰወራል። አደጋ ባየ ጊዜ እንደ እረኛ ያፏጫል፤ ያን የሰሙትም ሁሉ ወደየጕድጓዳቸው ይሮጣሉ። በብርድ ወራት፥ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ፥ ሳይበላና ሳይጠጣ ከምድር በታች ይተኛል። በዚያን ጊዜ በደቂቃ 80 ጊዜ ያህል ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 5 ያህል ይወርዳል፤ ገላውም እንደ በድን ይቀዘቅዛል።

በፔንሲልቬንያ ግዛት በምዕራብ በኩል ፓንክሰታውኒ የምትባል ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፌብሩዋሪ 2 ቀን ሕዝብ ተሰብስቦ ይህን እንስሳ ሲወጣ ይመለከታል። ጥላውን ካየ ብርዱ ገና 6 ሳምንት ይቈያል፤ ካላየ የጸደይ ወራት ቀርቧል ይላሉ። ልማዱን ያመጡት ከጀርመን አገር የፈለሱ ሰዎች ናቸው። ጥላ ስለ አየር ጠባይ እንደማያውቅ ሕዝቡም ያውቃል፤ ቢሆንም በጨዋታው ደስ ይለዋል፤ እኔም አልነቅፈውም። የሚያስደንቀው ግን በአንዲት ከተማ እንደ ንጉሥ የሚከበረው ይኸው እንስሳ በዚያው ግዛት ባለው መስክ ላይ ጠላት ሆኖ መቈጠሩ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በዚያው ግዛት በምሥራቅ በኩል፥ በላንካስተር አካባቢ፥ አሚሽ የሚባሉ ገበሬዎች ይኖራሉ። እነዚህ ሰዎች ስለ እምነታቸው ሥርዐት መስካቸውን በትራክተር አያርሱም፤ በፈረስና በበቅሎ ያርሳሉ፥ ያጭዳሉም። እንግዲህ አስቡት፤ ሣሩ እስከ ጕልበት ባደገበት መስክ ውስጥ የማይታይ ጕድጓድ አለ። የማጨጃውን መሣሪያ የሚስብ ፈረስ እግሩን በዚያ ቢያገባ አጥንቱ ይሰበራል፤ እግሩ የተሰበረ ፈረስም ብዙ ጊዜ አይድንም። ከዚህም በላይ እንስሳው ማገጡንና አልፋልፋውን፥ አኩሪ አተሩንም ከነቡቃያው ይበላል።

እኔ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና ዳዊት፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤትም እንግሊዝኛና ሒሳብ ተምሬ መምህር የሆንሁ ሰው ነኝ። ኑሮ ወደዚያ አገር ወስዶኝ በላንካስተር አጠገብ ተከራይቼ ስቀመጥ የቤቱ ጌታ እኒህ ሽማግሌ ነበሩ። ሙያቸው ሰዓት መጠገን ነበረ። እኔ በአገሬ ልማድ «አባቴ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም «መምህር» ይሉኛል። ካወቅኋቸው ጀምሮ ስምንት የሙቀት ወራት አልፈዋል፤ ብዙውን ጊዜም ወደ መስክ አብሬአቸው ወጥቻለሁ። የእኔ ሥራ በትልቁ መነጽር መመልከትና ጥይቱ የት እንደ ወደቀ መናገር ነበረ።

ማደን የጀመሩት በ12 ዓመታቸው፥ በአባታቸው አሮጌ ጠበንጃ ነው። ያን ጊዜ በደረታቸው እየተሳቡ 50 ሜትር ያህል ካልቀረቡ በቀር አይተኵሱም ነበር። ጐልማሳ በሆኑ ጊዜ ግን ገንዘብ አጠራቅመው ስዊፍት የሚባለውን ጥይት የሚጐርስ ጠበንጃ ገዙ። ይህ ጥይት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በአንድ ሰከንድ ከ1,200 ሜትር የሚበልጥ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። መሳብ ቀረ፤ በኰረብታ ላይ ተቀምጦ ከሸለቆው ማዶ ያለውን መመልከት ሆነ።

ሩቅ መተኰስ ለማያውቀው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሒሳብ አለበት። 300 ሜትር ለመሄድ ጥይቱ የሰከንድ ሲሶ ያህል ይፈጅበታል። ይህ ዐይን ጨፍኖ ለመግለጥ የሚበቃ ጊዜ ነው። ቢሆንም በዚያች ጊዜ ውስጥ ምድር እየሳበችው ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ስለዚህ አፈሙዙ ከዒላማው በላይ መመልከት አለበት። ከጎን የሚነፍስ ነፋስ ደግሞ ፊትን ከማቀዝቀዝ በቀር የማይረባ ቢመስልም በዚህ ርቀት ጥይቱን አንድ ስንዝር ያህል ይገፋዋል። የእንስሳው ደረት ግን ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ሽማግሌው የነፋሱን ኀይል ከሣሩ መታጠፍ፥ ከቅጠሉም መገላበጥ ያነቡ ነበር። ፀሓይ በበረታ ጊዜ ከምድር የሚነሣው የአየር መንቀጥቀጥ በመነጽር ሲታይ እንደ ወንዝ ወደ አንድ ወገን ይፈሳል፤ እርሱንም ያነቡታል። አንዳንድ ቀን ከንጋት እስከ ረፋድ ተቀምጠን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተኵሱ እንመለሳለን። «ዛሬ ነፋሱ ሁለት ልብ ነው» ይሉኛል፤ በቅርብና በማዶ የሚነፍሰው ሳይስማማ ሲቀር ማለታቸው ነው።

በአገራችን በቀደመው ዘመን አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ሰው ግዳዩን ይዞ ይገባል፥ ይፎክራልም፤ የተከተሉትም ሰዎች ምስክሮቹ ነበሩ። የሩቅ ተኳሽ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ከሸለቆ ማዶ ያለች ትንሽ እንስሳ ድንገት ከዐይን ብትጠፋ ሞተች ወይስ አመለጠች? ወይስ ቈስላ ወደ ጕድጓዷ ገብታ በጨለማ ሦስት ቀን ስትሠቃይ ትሞታለች? ይህን የሚያይ ማንም የለም። ተኳሹም «ሳትኋት» ብሎ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል፤ የሚቃወመውም አይገኝም።

ስለዚህ ሽማግሌው የሚጽፉበት መዝገብ ነበራቸው። ገጹ በሦስት ዐምድ ተከፍሏል። በፊተኛው ላይ «ወደቀ»፥ በሁለተኛው ላይ «ሳትሁ»፥ በሦስተኛው ላይ «አላወቅሁም» የሚል ተጽፎበታል። ከእያንዳንዱ ተኵስ በኋላ ጠበንጃቸውን አራግፈው እስከ ጕድጓዱ ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። በቍልሉ አፈር ላይ ደም እንዳለ ይፈልጋሉ፤ ጥይቱ ምድርን የመታበትንም ስፍራ ይፈልጋሉ። ሁለቱንም ካላገኙ በሦስተኛው ዐምድ ላይ ጭረት ያደርጋሉ። ደም ካገኙ ደግሞ እንስሳው ተመልሶ ይወጣ እንደ ሆነ እስከ ማታ በዚያ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ዝናም ሲዘንብብን እንዲህ ተቀምጠን ሳለ «እንሂድ፥ አባቴ፤ ይታመማሉ» አልኋቸው። «አንተ ሂድ፥ መምህር፤ የተኰስሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። እኔም አልሄድሁም።

የቀድሞዎቹን መዝገቦች አሳይተውኛል። ባንድ ዓመት በሦስተኛው ዐምድ ላይ ሦስት ጭረት ተደርጎ ነበር፤ ሦስቱም ከ250 ሜትር በላይ የተተኰሱ ናቸው። ከዚያ ዓመት በታች «ከእንግዲህ ወዲህ ከ200 አያልፍም» ተብሎ ተጽፏል። በዚያን ወራት ገና ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ጓደኞቻቸውም በጠበንጃ መሸጫው ሱቅ ተሰብስበው «እኔ በ400፥ እኔ በ500 ጣልሁ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። እርሳቸው ዝም ብለው ሰምተው «በ500 ስንት ጊዜ ተኰስህ?» ብለው ብቻ ይጠይቁ ነበር አሉ። እንዲህ ዐይነቱ ጥያቄ ወዳጅ አያበዛም።

ለጨዋታ ብሎ ነፍስ ማጥፋት ይገባልን ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ሲመልሱ፥ ገበሬው ፈረሱን ለማዳን እኔን ባይጠራ በጕድጓዱ ውስጥ የሚገድል ጭስ ይለቅበታል፤ ጭሱ ግን እናቲቱን ከልጆቿ ጋር ያፍናል፤ ባዶ ጕድጓድ ተጠግታ የምትኖረውንም ጥንቸል ያጠፋል አሉ። ይህ እውነት ነው፤ በተተወው ጕድጓድ ውስጥ ጥንቸልና ቀበሮ ይገባሉና። ነገር ግን መልሱ ግማሽ መሰለኝ። ሰው ለገበሬ ብሎ ብቻ ስድሳ ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ አይነሣም። እርሳቸውም ፊቴን አይተው ሣቁና «ደግሞም እወደዋለሁ» አሉ። እኔ ይህን ሁለተኛውን ቃል ከፊተኛው አብልጬ አከበርሁት።

ወሰንም አበጅተው ነበር። ግልገሎቹ በሚያዝያ ይወለዳሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሣር ታጭዶ ግልገሎቹም ራሳቸውን ችለው እስኪበታተኑ ድረስ፥ ይኸውም እስከ ሰኔ መጨረሻ፥ ጠበንጃ አይነኩም። በጫካው ዳር ያለውን ጕድጓድ፥ ፈረስ የማይደርስበትን፥ ይተዉታል። የወደቀውን እንስሳ ከጎረቤት የሚወስደው ሰው ካለ ይሰጡታል፤ ሥጋው ይበላልና። እኔስ አልቀመስሁትም። የሚወስደው ካልተገኘ ይቀብሩታል። ቀድሞ ለአሞራ ይተዉት ነበር፤ ኋላ ግን በበድኑ ውስጥ የሚቀረው የእርሳስ ስባሪ ንስርንና አሞራን እንደሚመርዝ በተረዱ ጊዜ አካፋ ይዘው መውጣት ጀመሩ።

እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው ባለፉት ሦስት ዓመታት ነው። በመዝገቡ ላይ 200 የነበረው 150 ሆነ፤ ቀጥሎም 100። ባለፈው የሙቀት ወራት፥ በ79 ዓመታቸው፥ ጠበንጃውን ለልጅ ልጃቸው አስይዘው እርሳቸው በእኔ ስፍራ በትልቁ መነጽር ዘንድ ተቀመጡ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ በወረቀት ዒላማ ላይ እጁ የተመሰገነ ነው።

በአንድ ማለዳ ከአንዲት ጕብታ ጫፍ ላይ ትልቅ ግራውንድሆግ ቀጥ ብሎ ቆሞ አገኘነው። ርቀቱ 130 ሜትር ያህል ነበረ፤ ነፋስ የሚባል የለም። ልጁ ተኝቶ ሰደፉን በትከሻው አስደገፈና «አያቴ፥ ልተኵስ?» አለ።

«ከበስተኋላው ምን አለ?» አሉት።

«ሣር።»

«ከሣሩ በኋላስ?»

ልጁ በመነጽሩ ተመለከተ። ከጕብታው ጫፍ በላይ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነበረ። እንስሳው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም፤ እንዲህ ያለ ምቹ ዒላማ በወር አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። የልጁ ጣት ከቃታው አጠገብ ነበረ፤ ጆሮውም ቀላ። የዚያ ግዛት ሕግ ያለ ነዋሪው ፈቃድ ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ፥ ይኸውም በ137 ሜትር ውስጥ፥ ጠበንጃ መተኰስን ይከለክላል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለ ጥይት ከዚያ እጅግ አልፎ ይሄዳል። ከጕብታው ማዶ ቤት እንደሌለ ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

«አላውቅም» አለ ልጁ በመጨረሻ።

«እንግዲያስ ሄደህ እይ።»

ልጁ ጥይቱን አወጣ፤ ጠበንጃውን ባዶውን በሣሩ ላይ አስቀምጦ መስኩን አቋርጦ ሄደ። እንስሳው ባየው ጊዜ አፏጭቶ ወደ ጕድጓዱ ገባ። ሽማግሌው መነጽሩን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ከብርጭቆአቸው ቡና ይጠጡ ጀመር፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ጥቂት ፈሰሰ። ልጁ በጕብታው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ብዙም ቈየ። ሲመለስ ይሮጥ ነበር።

«ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ» አለ እየተነፈሰ። «ለአጫጆቹ ውኃ ይዘው በጋሪ እየመጡ ነው። እጃቸውን አነሡልኝ።»

ሽማግሌው መዝገቡን ከኪሳቸው አውጥተው ከእርሳሱ ጋር ለልጁ ሰጡት። ልጁ ገጹን ገልጦ ሦስቱን ዐምዶች ተመለከተና «በየትኛው ልጻፍ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አራተኛ መስመር አስምር» አሉት።