ማርን በአይሮፕላን ስለ መውሰድ

ላስታ የማር አገር መሆኗ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት ይተረካል። ነገር ግን የላስታ ማር ባሕር በሚሻገርበት ጊዜ መርማሪዎች የሚጠይቁት ስለ ልኩ እንጂ ስለ ዝናው አይደለም።

እኅቴ በፍራንክፉርት በወለደች ጊዜ እናታችን ለአራስነቷ የሚሆን አንድ ቅል ማርና ጥቂት የተነጠረ ቅቤ አስይዘው ከላሊበላ ሰደዱኝ። እኔም ደንቡን ሳልጠይቅ፣ ቅሉ እንዳይሰበር ብዬ በእጄ ያዝሁት። በመንገድ ባለ አንድ ጣቢያ መርማሪው አይተው «ይህ ፈሳሽ ነው» አሉኝ። በቃል መከራከር የጸሐፊ ልማድ ነውና፣ የረጋ ማር እንዴት ፈሳሽ ይባላል ብዬ ተሟገትሁ፤ ሆኖም ማሩ ቀረ። ቅቤውም በደረስሁበት አገር ቀረ፤ ከውጭ የሚመጣ የወተት ውጤት በመንገደኛ እጅ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይገባ ተከልክሏልና።

እናታችን በስልክ «ማሩ ጣመሽ ወይ?» ብለው ቢጠይቋት፣ እኅቴ «እጅግ ጣመኝ» አለቻቸው። እኔ አጠገቧ ቆሜ አፈርሁ።

ስለ ፈሳሽ የተደነገገው ነገር እንዲህ ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ፈሳሽ ፈንጂ ወደ አይሮፕላን ለማስገባት ያሤሩ ሰዎች ተያዙ፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ሁሉ በእያንዳንዱ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ በብዙ አገር ተወሰነ። ማርም ከፈሳሽ ይቆጠራል። ይህ ልክ 140 ግራም ያህል ማር ነው፤ ለአራስ ቤት ምን ይረባል! አዲስ መመርመሪያ የገባላቸው አንዳንድ ጣቢያዎች ልኩን ከፍ አድርገዋል፤ መንገደኛ ግን ብዙ ጣቢያ ያልፋልና በዚህ አይታመን።

ስለዚህ ማር በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ከነሰፈፉ ያለ፣ ውኃ የበዛበት ማር እየፈላ ክዳኑን ይገፋዋልና፣ በደንብ የተጣራውን በወፍራም ዕቃ፣ አፉን ጥቂት አጉድሎ፣ በላስቲክና በልብስ መጠቅለል ነው። ወደ ኒውዚላንድ የሚሄድ ግን ጨርሶ አይያዝ፤ ሰውን የማይጎዳ የንብ በሽታ ዘር በማር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ለንቦቻቸው ሲሉ ይከለክላሉ።

በዓመቱ እንዲህ አድርጌ 2 ኪሎ አደረስሁ። ሐኪሞች ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳይሰጥ ያዝዛሉ፤ ልጁም ዓመቱን አልፎ ነበርና ከአያቱ ማር ቀመሰ። እኅቴም ለእናታችን ደውላ «ጣመኝ» አለቻቸው፤ በዚህ ጊዜ እውነቷን ነበር።