አርዲቦ ዳር፦ ያልተከፈተው ጨዋታ

ከደሴ ተነሥታችሁ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዙ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። አብዛኛው መንገደኛ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምና በአጠገቡ የተንጣለለውን ውሃ ተመልክቶ ይመለሳል። እኛ ግን ባለፈው ሰንበት ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይዘን ወደ ታናሹ ሐይቅ፣ ወደ አርዲቦ አቀናን። አርዲቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በተራሮች መካከል የተኛ፣ ጥልቀቱም ከ60 ሜትር የሚያልፍ ውሃ ነው። የተረፈው ውሃ በአንከርካ ወንዝ በኩል ቁልቁል ወርዶ ከታላቁ ሐይቅ ይገባል።

አብረውኝ የነበሩት ከአሜሪካ ከተመለሰች ስድስት ወር የሆናት አብሮ አደጌና የ10 ዓመት ልጇ ናቸው። እናቷን ልታስታምም መጥታ፣ እዚሁ ደሴ ለመኖር ቆርጣለች። ልጁ ግን ውሃውንም ተራራውንም አላየም። የጨዋታ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«አጎቱ ለልደቱ ከአውሮፓ የጨዋታ ካርድ ላከለት። መሣሪያው የተገዛው አሜሪካ ነው። ካርዱን ቢያስገባው እንቢ አለ። እኔም ሰው የላከልህን ሰበርከው ብዬ ተቆጣሁት። ኋላ ለሚያውቅ ሰው ባሳይ፣ ለካስ ካርዱ ለሌላ ክፍለ ዓለም የተሠራ ነው። ልጄ ምንም አላጠፋም።»

«ይቅርታ ጠየቅሽው?»

ዝም አለችኝ።

ውድ እናቶች፣ ነገሩ አዲስ አይደለም። የፊልም ዲቪዲ ሲወጣ ጀምሮ ዓለም በቁጥር ተከፋፍላ ነበር። አሜሪካና ካናዳ 1፣ ምዕራብ አውሮፓና ጃፓን 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 5 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። የአንዱ ዲስክ በሌላው ማጫወቻ እንዳይከፈት የተደረገው፣ ኩባንያዎቹ በየአገሩ በተለያየ ዋጋና በተለያየ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚፈልጉ ነው። በጨዋታ መሣሪያዎችም ተመሳሳይ አሠራር ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ኒንቴንዶ 3ዲኤስ በክልል የተቆለፈ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የመጣው ስዊች ግን ከአብዛኞቹ አገሮች የተገዛ ካርድ ይቀበላል።

ታዲያ ቁልፉ ከካርዱ ቢወርድም በኢንተርኔቱ ሒሳብ ላይ ወጥቷል። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን ሒሳብ በሚያቀርበው የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሔልዳይቨርስ 2 የተባለው ጨዋታ የዚህ ሒሳብ ግዴታ ተጣለበት በተባለ ጊዜ፣ ሒሳቡ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮች ከኮምፒዩተር ገበያ መነሣቱ ይታወሳል።

እንግዲህ ከውጭ ልትመለሱ የምታስቡ፣ ወይም ዘመድ ዕቃ የሚልክላችሁ እናቶች ሆይ፣ ይህን አትርሱ። መጀመሪያ መሣሪያው የተገዛበትን አገር ለላኪው ንገሩ። የስጦታ የገንዘብ ካርድ የምታስልኩ ከሆነ ሒሳቡ ከተከፈተበት አገር ይገዛ። ዘመናችሁን ከምትኖሩበት አገር ሳትወጡ የከፈላችሁባቸውን ጨዋታዎች አውርዳችሁ ጨርሱ፤ ያለ ኢንተርኔት መከፈታቸውንም ሞክሩ። የመብራቱንም ነገር አትዘንጉ፤ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ፣ በመሙያው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታዩ አትሰኩ። ከሁሉም በላይ፣ መሣሪያ እንቢ ሲል ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ።

ወደ አርዲቦ ልመልሳችሁ። ከውሃው ዳር ሁለት እረኞች መሬቱን ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወቱ ነበር። አንደኛው የኛን ልጅ አይቶ «ና፣ እኔ ጋር ሁን» አለው። ልጁ አማርኛው ስለሚሰባበር አፈረ። በኋላ ግን እናቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ በጆሮው አንድ ነገር ተናገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ አንገቷን ሲያቅፋት ግን አየሁ። ከዚያም ተነሥቶ ወደ ጠጠሮቹ ሄደ። ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፤ በሦስተኛው ጮኾ ሳቀ።

ማታ ስንመለስ መኪናው ውስጥ «አክስቴ፣ ካርዱ ግን በጭራሽ አይከፈትም?» ብሎ ጠየቀኝ። አይከፈትም አልኩት። መዋሸት አልፈለግሁም። ጥቂት አሰበና «ገበጣ ስንት ጉድጓድ ነው?» አለኝ።