የእጅ ዋጋ

የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ተራራውን ነጭ ለብሶ ያገኘዋል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ጀምሮ በባሕር ዛፉ መካከል ሽቅብ የሚተመው ምእመን ከነጠላና ከጋቢ በቀር ሌላ ልብስ የሚያውቅ አይመስልም። የንጋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ግን በአራት ድርብ የተሠራ ነውና ባለቤቱን አያሳፍርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በዚያች ዕለት ከሕዝቡ ጋር ስወጣ፣ «ይህን ሁሉ ነጭ የሠራው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ድንገት መጣብኝ። ጥያቄው ለሌላ ሰው ቀላል ይሆን ይሆናል። ለእኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ስሸሸው የኖርሁት ጥያቄ ነበር። አባቴ ሸማኔ ናቸውና።

አባቴ በጋሞ ደጋ፣ በዶርዜ ተወልደው ገና በልጅነታቸው አንድ ዘመድ «አስተምረዋለሁ» ብሎ ወደ አዲስ አበባ አመጣቸው። ትምህርት ቤቱ ግን የሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ሆነ። ሸማኔ የሚቀመጠው ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ነው። እግሮቹ ወደ ታች ወርደው መርገጫውን ይረግጣሉ፤ እጆቹ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይቀባበላሉ። አባቴ በመጀመሪያ ቀሰም ሲያጠነጥኑ፣ ቀጥሎም ማግ ሲወረውሩ ቆይተው ጥለት ለማውጣት ሲበቁ ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት አላለፈም ነበር። ይህም የእርሳቸው ብቻ ታሪክ አይደለም። ከጋሞ ደጋ በዚሁ መንገድ መጥተው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ ክር ሲቆጥሩ ያደጉ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ስለ ሸማችን ውበት ስንናገር ይህን ልንሸሽግ አይገባም።

አንድ ሸማ ከትከሻ ላይ እስኪውል ድረስ ስንት እጅ እንደሚያልፍ የሚያስብ ጥቂት ነው። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በሴቶች እጅ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ዛሬ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ጥለቱ ነው። ሸማኔው የሚመለከተው በወረቀት ላይ የተሣለ ንድፍ የለውም። ስሌቱን በልቡ ይዞ፣ ክሩን በጣቱ እየለየ፣ መስቀሉንና ሐረጉን በጨርቁ ዳር ያበቅለዋል። አባቴ ስማቸውን ለመጻፍ ሲቸገሩ አይቻለሁ፤ በክር ቆጠራ ሲሳሳቱ ግን አላየሁም።

የለበስነውን አክብረን የሠራውን መናቅ ግን የቆየ ልማዳችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። በዚሁ በእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ፣ ጭቃውን ጀበናና ምጣድ የሚያደርጉት እናቶችም ያው ዕጣ የደረሳቸው ናቸው። ዐዋጁ ከጆሮ ዐልፎ ወደ ልብ ለመግባት ስንት ዘመን እንደፈጀበት እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ስፍራ «ነጋዴ» እያልሁ እጽፍ ነበር። በተመረቅሁ ዕለት ደግሞ አባቴ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ የሠሩትን ኩታ አለበሱኝ። ጓደኞቼ ጥለቱን እያገላበጡ «ከየት ገዛኸው?» ቢሉኝ፣ «ከሽሮ ሜዳ፣ በ40 ብር» አልሁ። አባቴ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመው ነበር። ምንም አልተናገሩም።

በዚያች በኪዳነ ምሕረት ዕለት የለበስሁትም ያንኑ ኩታ ነበር። በማግሥቱ ወደዚያው ሰፈር ተመልሼ፣ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ሆነው ሸማ ከሚሠሩበት ግቢ ገባሁ። የእንጦጦ ሴቶች ከ30 ኪሎ የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ሸክሙን ጥለው መወርወሪያ ጨብጠዋል። «ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ» የሚለውን ልማድ ያፈረሰው ክርክር ሳይሆን የጎበጠ ጀርባ መሆኑን እዚያ ተረዳሁ።

አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ሥራቸውን አቁመው የኩታዬን ዳር በጣታቸው ዳሰሱት።

«ማጉን አጥብቆ የሚመታ ሰው ነው የሠራው። የጋሞ እጅ ነው» አሉ። «በስንት ገዛኸው፣ ልጄ?»

«አልገዛሁትም፣ እማማ። አባቴ ናቸው የሠሩልኝ» አልኋቸው። ይህን ቃል ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንተስ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በተራራው ግርጌ ወደ ምዕራብ ተጉዤ ሽሮ ሜዳ ደረስሁ። በመንገዱ ዳርና ዳር ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ጋቢው ተሰቅሏል። ከእጅ ሥራው ጎንም በመኪና የታተመ፣ ጥለት መሳይ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ገዢው ሁለቱን አስተያይቶ የእጁን ሥራ «ተወደደ» ይላል። ክሩን በዱቤ ሰጥቶ ሸማውን የሚረከበው ነጋዴ ትርፉን ይይዛል፤ ሸማኔው የሚደርሰው የቀረው ነው። እንግዲህ ልጁ ከጉድጓዱ አፍ ለመቀመጥ ቢጠላ ማን ሊወቅሰው ይችላል? ልጅን ከትምህርት ነጥቆ ጉድጓድ ማስገባት በደል ነው፤ ተምሮ በፈቃዱ የሚመጣውንም ሙያው ሊያኖረው ካልቻለ ጥለቱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ማለፉ ነው። «ባህላችን» ብለን በበዓል ቀን የምንኮራበትን ነገር የሚያቆየው ኩራታችን ሳይሆን በአዘቦት ቀን የምንከፍለው ዋጋ ነው።

በዚያው ምሽት ከአባቴ ቤት ገብቼ የሆነውን ሁሉ አጫወትኋቸው። የምረቃዬንም ዕለት አንሥቼ ይቅርታ ለመንኋቸው። አባቴ ቀሰሙን እያጠነጠኑ ብዙ ቆዩ። ከዚያም ቀና ሳይሉ፣ «መዋሸትህን ያን ጊዜውኑ ትቼዋለሁ» አሉኝ።

ጥቂት ዝም ብለው ፈገግ አሉ።

«40 ብር ማለትህን ግን አልረሳሁትም። የክሩ ብቻ ከዚያ ይበልጥ ነበር።»