ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲተከል ከፊቱ ከተደረደሩት ተማሪዎች አንዱ ነበርኩ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል፤ ፊዚክሱም፣ ኬሚስትሪውም፣ ባዮሎጂውም፣ ሒሳቡም በእንግሊዝኛ። የፕላዝማዋ መምህርት ትጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ማንም ትንፍሽ ሳይል «ቬሪ ጉድ!» ትለናለች። ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። እኛ ጥያቄውን ገና በሆዳችን ወደ አማርኛ እየመለስን እሷ ሌላ ገጽ ላይ ደርሳለች። መብራት ከጠፋማ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም። የፊዚክስ መምህራችን ትምህርቱን የሚወድ፣ ሲያስረዳም አንጀት የሚያርስ ሰው ነበር፤ የዚያን ጊዜ ግን ዋና ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆነ። ከክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የምትተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሱ ነበረች።

ሐቁን ለመናገር ፕላዝማው ያሳየን ነገርም አለ። ልብ ደም ስትረጭ፣ ሴል ለሁለት ሲከፈል ያየሁት እዚያ ነው። ይህን በጠመኔ ማሳየት አይቻልም። ዛሬም ቢሆን በዓይን የማይታየውን ለማሳየት ቪዲዮን የሚያህል አላገኘሁም። የተበላሸው ነገር ሌላ ነው፤ በዓይናችን ልናየው፣ በእጃችን ልንነካው የምንችለውንም ጭምር ስክሪኑ ወስዶብን ነበር።

አሁን እኔው ራሴ ደብረ ታቦር ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በየስብሰባው «ቴክኖሎጂን ከሳይንስ ትምህርት ጋር ማቀናጀት» ይባላል፤ ይህ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ታብሌትና ስማርት ቦርድ ነው። ቴርሞሜትር ቴክኖሎጂ መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

እስቲ አንድ ክፍለ ጊዜ ላውራችሁ። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚፈላ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ሁሉም በቃሉ ይዞታል። ምድጃ ላይ ቢከር ጣድን። ውኃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ ግን 91 ላይ ደርሶ ወይ ፍንክች አለ። አንዷ «ቲቸር፣ ተበላሽቷል፤ ሌላ ይምጣ» አለች። ሌላ መጣ፤ እሱም እዚያው አካባቢ ቆመ። ከኋላ ያለው ደግሞ «እሳቱ አንሶ ነው፣ ይጨመርበት» አለ። ጨመርን። ውኃው የባሰ ተንፈቀፈቀ እንጂ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ክርክሩ የተጀመረው ይኼኔ ነው፤ እኔም አፌን ዘግቼ ቆምኩ።

መሣሪያው ትክክል መሆኑን የሚያጣሩበት መንገድ አለ። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ሲከቱት 0 ማሳየት አለበት፤ ከፍታ ቢለዋወጥም የበረዶ መቅለጫ ሙቀት ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አያደርግም። በረዶ ደግሞ ለኛ ምን ቸገረን! ጉና ሥር ያደገ ልጅ ክረምት ላይ ከሣሩ ላይ በሳህን አፍሶ ያመጣዋል። ዜሮውን ካሳየ 91ንም ማመን ግድ ነው።

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃውን ከላይ የሚጫነው አየር ስለቀለለ እንፋሎቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ውኃውም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። መጽሐፍ አልዋሸም። 100 የሚለው ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ላለው ግፊት ነው፤ እኛ ግን ይህችን ቅጥያ ስናስተምርም ስንማርም ዘለናት እናልፋለን። ባሕር በሌለው አገር ማን ልብ ይላታል? በነገራችን ላይ ደጋ ላይ የባቄላ ንፍሮ ማገዶ የሚፈጀውም ለዚህ ነው፤ ውኃው ይፈላል እንጂ ሙቀቱ አልደረሰም። ፕሬሸር ኩከር ደግሞ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ውኃው ከ100 በላይ ይሞቃል፣ ንፍሮውም ቶሎ ይበስላል። ይህን ስነግራቸው የቤታቸውን ድስት ያላነሣ ተማሪ አልነበረም።

ስልኩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ፣ የቤተሰቡም ቢሆን፣ ስልክ ያገኛል። ጀርመን አገር የሚገኘው የአኽን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊፎክስ የሚባል በነፃ የሚጫን መተግበሪያ ሠርተዋል፤ ስልኩ ውስጥ ያሉትን መለኪያዎች አውጥቶ ያሳያል። ርካሽ ስልክ ሳይቀር ፍጥንጥነት የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ወደድ ያሉት የአየር ግፊትም ይለካሉ። ስልኩን በአንድ ሜትር ገመድ በር መቃን ላይ አንጠልጥላችሁ ብታወዛውዙት ደርሶ መልስ ሁለት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ የመሬትን ስበት ማስላት የተማሪው ፋንታ ነው። ደግሞ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል ነገር እንደሆነ ይገባዋል። ያለ ኔትወርክ የማይንቀሳቀስ የትምህርት መሣሪያ ለደቡብ ጎንደር ገጠር አልተሠራም።

ሌላም የተመቸን ነገር አለ። ሩዝ የሚበቅልበት የፎገራ ሜዳ፣ ወረታ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ውኃ 94 አካባቢ ይፈላል። ከወረታ ወደኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ሲመጡ 91 ይሆናል። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ 86 ወይም 87 ቢሆን ነው። በአንድ ዞን ውስጥ የሰባት ዲግሪ ልዩነት! የኔዘርላንድ ተማሪ ይህን ለማየት ከአገሩ መውጣት አለበት፤ እኛ ሚኒባስ ይበቃናል። የወረታ፣ የደብረ ታቦርና የክምር ድንጋይ ተማሪዎች እየለኩ ቁጥራቸውን ቴሌግራም ላይ ቢያስቀምጡ፣ አንዱ ኤክሴል ላይ ከፍታውን ከሙቀቱ ጋር ቢያሰምረው፣ በኔ ግምት ቴክኖሎጂና ሳይንስ ተቀናጁ የሚባለው ያኔ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ማንሣት አልወድም፤ በንግግር መክፈቻነት አልቋል። ዳሩ ግን ከከተማችን ቅርብ ነውና አንድ ነገር ልበል። ንጉሡ ከአውሮፓ የፈለጉት መሣሪያ ብቻ አልነበረም፣ የሚሠራና የሚያስተምር ባለሙያም ነበር። እዚያ የሠሩት እነ ዋልድማየር የተባሉ አውሮፓውያን መድፍ መሥራትን ተምረው አልመጡም፤ ሞክረው፣ ከሽፎባቸው፣ ደግመው ነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ላይ የደረሱት። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሲወድቁ እነዚያ ባለሙያዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋት ሥራም በዚያው ቀረ። ስለ ጋፋት ስናወራ ሁልጊዜ መድፉን እናነሣለን፤ እኔን የሚከነክነኝ ሥራውን የተማሩት የአገር ልጆች በቂ ሆነው አለመተካታቸው ነው። ከውጭ ተቀርጾ የመጣው ፕላዝማም መምህሩን ከዳር አስቀምጦ ስለነበር ስክሪኑ ሲጠፋ በእጃችን የቀረ የለም።

ፈተናውስ? ያ ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ተከትሎኝ መጣ። «ቲቸር፣ ማትሪክ ላይ ከመጣ 91 ነው 100 የምናጠቁረው?» አለኝ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው፤ ልጁ ነጥቡን ቢያሰላ አልፈርድበትም። «ከፍታውን ወይም ግፊቱን ካልሰጡህ 100 አጥቁር» አልኩት። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን አፌ ላይ አልጣመኝም። ፈተና አውጪዎች አንድ ቀን «ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ላይ ባለች ከተማ ውኃ የሚፈላው…» ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት? የአገሪቱ ተማሪ ብዙው የሚኖረው ደጋና ወይና ደጋ ላይ አይደል?

ለማንኛውም ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ክምር ድንጋይ፣ ነፋስ መውጫ ያላችሁ የሳይንስ መምህራን፣ መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን በሚቀልጥ በረዶ አጣሩት። የመለኪያው ጫፍ የቢከሩን ታች እንዳይነካ ጠንቀቅ በሉ። ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ሦስቱንም ቁጥር ከትምህርት ቤታችሁ ከፍታ ጋር ላኩልኝ፤ የተለየ የመሰላችሁንም አትጣሉት። ሰንጠረዡን ሠርቼ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።