«ማዘርቦርዱ ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ሃርድዌር ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

በጥገና ቤት ከሚነገሩ ቃላት ሁሉ ለባለ ማሽኑ በጣም ውዷ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» የምትለዋ ናት። ለባለሙያው ደግሞ በጣም ርካሿ። አንዴ ከተነገረች በኋላ ሌላ ነገር መመርመር የለ፣ ክርክር የለ። ባለቤቱ ማዘርቦርድ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። በነፍሱ እያለ የተገነዘ ስንት ኮምፒውተር አይቻለሁ መሰላችሁ።

ማዘርቦርድ አይሞትም እያልኩ አይደለም፣ ይሞታል። ግን አስርና አስራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ከእሱ ቀድመው የሚያልቁ ነገሮች አሉ። ፓወር ሰፕላዩ ይደክማል፣ ፋኑ አቧራ ይጠግባል፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው ፔስት ይደርቃል፣ የራሙ እግር ይቆሽሻል፣ ሀርድ ዲስኩ ያረጃል፣ የሰዓቷ ባትሪ ታልቃለች። አብዛኞቹ ከማዘርቦርድ ጋር ሲነጻጸሩ የሻይ ዋጋ ናቸው። ታዲያ ከርካሹ መጀመር ሲቻል ከውዱ የምንጀምረው ለምንድን ነው?

ባለፈው ወር የገጠመኝን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፉ የሚኖሩ እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ እንበላቸው። እንጀራቸው አንዲት አሮጌ ዴስክቶፕና አንድ ሌዘር ፕሪንተር ናቸው። ማሽኗ በሥራ መሃል ትጠፋባቸዋለች። ጥገና ቤት ወሰዷት። ከፈቷት፣ አዩዋት፣ «ማዘርቦርዱ ነው፤ ሙሉ ሲፒዩ ቢገዙ ይሻላል» አሏቸው። (እዚህ አገር ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ማለታችን እንዳለ ሆኖ። ክፍል ውስጥ ስታገለው ኖሬ አልተሳካልኝም፣ ትቼዋለሁ።) የተጠየቁት ብር የክፍሏን የብዙ ወር ኪራይ ያህላል። የባሰው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ሥራቸው ያለው እዚያችው ማሽን ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የለም። የአንዲት ደንበኛቸው የይግባኝ ማመልከቻ በግማሽ ተጽፎ እዚያው ነበር፤ የማስገቢያው ቀን ደግሞ ሐሙስ ነው።

ሳያቸው መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «መቼ መቼ ነው የምትጠፋው?» ብዬ ነው።

«እንዳሰኛት ነው መምህር። ቀን የላትም፣ ሰዓት የላትም።»

እንዳሰኘው የሚጠፋ ኮምፒውተር የለም። ስለዚህ ቀጠልኩ። ከተነሳች ከስንት ደቂቃ በኋላ ነው? ጠፍታ ትቀራለች ወይስ መልሳ ራሷ ትነሳለች? መብራት ደከም ሲልስ? እጅዎ ምን ላይ ነበር? እትዬ ትንሽ አሰቡና «አሁን ሲሉኝ… ላትም ስል ነው መሰለኝ። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ተከታትሎ ሲወጣ ምንም አይልም። የመጀመሪያዋን ገጽ ስል ነው ድርግም ብላ እንደገና የምትነሳው» አሉኝ።

በቃ። ገና ብሎን ሳይፈታ ሥራው ግማሽ ሄደ።

ልጆች፣ ይህን ክፍል ውስጥ ሺህ ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ሲኦሲ ላይ ስለማይመጣ ግን ማንም ደብተሩ ላይ አይጽፈውም። የመጀመሪያው መሣሪያችሁ ካቻቪቴ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። አጠፋፉ ራሱ ይናገራል። ሙቀት ከሆነ ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት ቆይቶ ይጠፋል፣ ወዲያው ብታስነሱት ደግሞ ቶሎ ይጠፋል፣ ካረፈ በኋላ ግን ደህና ይመስላል። ራም ከሆነ ቦታ አይመርጥም፣ ዛሬ ሰማያዊ ስክሪን፣ ነገ ድርቅ ማለት፣ ከነገ ወዲያ ፋይል ማበላሸት። ሀርድ ዲስክ ከሆነ ይንቀራፈፋል፣ አንድ ፋይል ላይ ሲደርስ ይሰቀላል፣ አንዳንዴም ቀጭ ቀጭ ይላል። ቅጽበት ውስጥ ጠፍቶ ራሱ የሚነሳ ከሆነ ግን ኃይል ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ፕሪንተሩ እዚህ ምን አገባው? ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ቶነሩን አቅልጦ ወረቀት ላይ የሚያጣብቅ ማሞቂያ አለ። ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል። ቀዝቅዞ ከቆየ በኋላ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፣ አንዳንዱ ሺህ ይጠጋል። የእትዬ ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ ከሶኬቱ አንድ ቀጭን ዲቫይደር፣ ከዲቫይደሩ ማሽኑ፣ ሞኒተሩ፣ ፕሪንተሩ፣ እና (አትሳቁ) የቡና ምድጃው። ፕሪንተሩ ሲነሳ የመስመሩ ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወርዳል። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ይህን አይሰማውም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ቤታችሁ ጣሪያ ላይ እንዳለው ሮቶ ናቸው፤ ውሃ ለአፍታ ሲቋረጥ ከሮቶው ትጠቀማላችሁ። ሲያረጁ ግን ይደርቃሉ፣ ሮቶው ባዶ ይሆናል። ያኔ ቅጽበታዊዋ ጉድለት በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ትደርሳለች፣ ማዘርቦርዱም ማድረግ ያለበትን ያደርጋል፤ ራሱን ያስነሳል። ማለት ጥፋተኛ የተባለው ማዘርቦርድ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

ግን ጥርጣሬ ነው፣ ምርመራ አይደለም። ደግሞም ከምርመራ በፊት አንድ ነገር ይቀድማል፣ መረጃው። በየቀኑ እየጠፋ የሚነሳ ማሽን ዲስክ ላይ ሙከራ አይጀመርም። ሀርድ ዲስኩን አወጣሁ፣ ከራሴ ማሽን ጋር አገናኘሁ፣ ሰነዶቹን ሁሉ በሁለት ቦታ ገለበጥኩ፣ የይግባኙን ማመልከቻ ደግሞ ለብቻ በፍላሽ ለእትዬ ሰጠሁ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልጽፈውም። ከዚያ በኋላ ነው የዲስኩን የጤና መዝገብ ያየሁት፣ ስማርት የሚባለውን። እዚያ ውስጥ ብዙ ቁጥር አለ፣ እኔ የማየው ሦስቱን ነው። ተበላሽተው በትርፍ ቦታ የተተኩ ሴክተሮች፣ ለመነበብ እምቢ ብለው የሚጠባበቁ ሴክተሮች፣ እና የኬብል ስህተት ቆጣሪው። የመጀመሪያው ጥቂት ሆኖ ከቆመ ይኖራል፤ በየሳምንቱ ከጨመረ ዲስኩ እየተሰናበተ ነው። ሦስተኛው ብቻውን ካደገ ዲስኩን አትንኩ፣ ኬብሉን ቀይሩ። ቀጭ ቀጭ በሚል ዲስክ ላይ ግን ቼክ ዲስክ አታስኪዱ። በሽተኛን ለምርመራ ብሎ ተራራ ማስወጣት ነው።

የእትዬ ዲስክ ደህና ነበር። ወደ ፓወር ሰፕላዩ ተመለስኩ።

ብዙዎቻችሁ የምትወዷት ዘዴ አለች። አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት ክሊፕ ማገናኘት። ፋኑ ዞረ፣ «ፓወሩ ደህና ነው» ትላላችሁ። ያ የሚነግራችሁ መነሳቱን ብቻ ነው፤ ሸክም ላይ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም። ቁጭ ብሎ ደህና የሆነ ሽማግሌ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መለካት ያለበት ማሽኑ እየሠራ ነው። ቢጫው 12 ቮልት ነው፣ ከ11.4 እስከ 12.6 ይፈቀድለታል። ቀዩ 5 ቮልት ነው፣ ከ4.75 እስከ 5.25። ብርቱካናማው 3.3 ነው። መልቲሜትሬን ቢጫው ላይ አድርጌ «ያትሙ» አልኳቸው። ከ11.9 ተነስቶ 11.3 ላይ ስትደርስ ማሽኗ ድርግም አለች። መልቲሜትር ቀርፋፋ ስለሆነ 11.3 ካሳየ እውነተኛው ቁጥር ከዚያም በታች ነው።

ከዚያ ደህንነቱን የማውቀውን የራሴን ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩ። አተምን። ፕሪንተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ደግመን አተምን። ደግመን። አልጠፋችም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ባለሙያ እጁን ታጥቦ የሚሄደው። እኔ ግን አሮጌውን መልሼ ገጠምኩት። እትዬ «ምነው መምህር፣ ተሻላት አይደል?» አሉኝ ደንግጠው። ነገርዬው እንዲህ ነው። ዕቃ ስትቀይሩ ሶኬቱንም ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችኋል። የተሻለው ላልቶ የነበረው ገመድ ጠብቆ እንደሆነስ? አሮጌው ሲመለስ በሽታው ከተመለሰ፣ ያኔ ብቻ ነው እርግጠኛ የምትሆኑት። ተመለሰ። በመጀመሪያዋ ገጽ።

አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ሦስት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። ይህን ግን ልምድ የሌላችሁ አታድርጉት። የእኛ 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ሲጣራ ከ300 በላይ ይሆናል፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው እዚያው ይቀመጣል። ማዘርቦርድ ላይ የተነፋ ካፓሲተር ካያችሁ ግን በዓይን ማየት አይጎዳም፣ ሁልጊዜ እዩ።

ሳጥኑ ክፍት ሳለ ሌላም ነገር ተገኘ። ሰዓቷ ጃንዋሪ 2010 ይላል። እትዬ ፈገግ ብለው «እኔማ በእኛ አቆጣጠር መሥራት ጀምራ መስሎኝ፣ ትንሽ ዘግይታ ነው ብዬ» አሉኝ። ሲአር 2032 የምትባለዋ ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት ያለቀችው። ይቺ ስታልቅ ሰዓትና የባዮስ ቅንብር ይጠፋል፣ ብራውዘሩም ቀኑ ስለተሳሳተ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። «ኢንተርኔቱ ተበላሸ» ተብሎ ስንቱ ፎርማት ተደርጓል በዚች የሳንቲም ታናሽ። አቧራውን አወጣሁ፣ ፔስቱን አደስኩ። (በአፍ እፍ አትበሉ፣ እርጥበት ነው። በአየር ስትነፉ ደግሞ ፋኑን በጣት ያዙት።) ፕሪንተሩና ምድጃው ከዲቫይደሩ ወጡ። ሌዘር ፕሪንተርን ዩፒኤስ ላይ የምትሰኩም ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት።

የጥገና ቤቱን ልጅ ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። እሱን አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፣ እንደሱ ያሉ ብዙ ልጆች አስተምሬያለሁ። እኔ እትዬ ጋ ከሰዓቱን በሙሉ ነው የፈጀሁት። እሱ ከሰዓቱን አንድ ማሽን ላይ ቢያጠፋ ማን ይከፍለዋል? ደንበኛ የሚከፍለው ለሚታይ ዕቃ ነው። «ምን ቀየርክልኝ?» ይላል። «ምንም አልቀየርኩም፣ አራት ሰዓት መርምሬ ማዘርቦርድዎ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጥኩ» ያለ ልጅ ብር ሳይሆን ስድብ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ዕቃ መቀየርን ይማራል። እናንተ ባለ ማሽኖች፣ ለምርመራ ለብቻ ክፈሉ። ከመጀመሪያው «የምርመራህን እከፍላለሁ፣ ዕቃ ባትቀይርም» በሉት። ልጁ አሠራሩ ሲለወጥ ታያላችሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም «መምህር ፋን ይዞራል፣ ስክሪን የለም፣ ማዘርቦርድ ነው አይደል?» አለኝ። ለሁላችሁም ልመልስ። መጀመሪያ ሞኒተሩንና ኬብሉን በሌላ ማሽን ሞክር። ከዚያ ሁሉንም ነቅለህ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር፣ አንድ ራምና ፓወር ብቻ አስቀር፤ ማሳያ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከቦርዱ የማይወጣ ከሆነ ካርዱንም። ራሙን ቦታ እየቀያየርክ፣ አንድ በአንድ። እግሩን በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረግ፣ ፍርፋሪው ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። አሁንም ከሌለ ራሙን ጨርሶ አውጣና አስነሳው። የቦርዱ ስፒከር ኖሮ ከጮኸ ደስ ይበልህ፤ ራም የለኝም ብሎ የሚጮኸው በሕይወት ያለ ማዘርቦርድና በሕይወት ያለ ፕሮሰሰር ነው። ሙት አይጮህም። ስፒከር ከሌለው ግዛለት፣ ከሻይ አትበልጥም። ይህን ሁሉ አድርገህ፣ በተመሰከረለት ፓወር ሰፕላይም ሞክረህ ዝም ካለ፣ ያኔ «ማዘርቦርድ» በል። አልቆጣህም።

እና ኢንቦክስ የምታደርጉልኝ ሁሉ፣ «ኮምፒውተሬ እምቢ አለ» ብቻ አትበሉኝ። ስንት ዓመቱ ነው፣ ምን ስትሠሩ፣ ከተነሳ ከስንት ደቂቃ በኋላ፣ ጠፍቶ ይቀራል ወይስ ይነሳል፣ ከእሱ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ምን ተሰክቷል። የዲቫይደሩን ፎቶም ላኩ። ምድጃውን ሳትደብቁ።